የምትጨስ መኪና ልትገዙ ነው? ሞተሩ ቀዝቅዞ ይደርላችሁ

ያገለገለ መኪና ለማየት ቀጠሮ ስትይዙ ሻጩን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ለምኑት። «እኔ እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ ኮፈኑን አስከፍቱና የሞተሩን የላይኛውን ክዳን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት። ሞቅ ካለ ወይ ደላላው ዞር ዞር አድርጓታል፣ ወይ ባለቤቱ እንድታዩበት የማይፈልገው ነገር አለ። «አይ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ መጥቼ ነው» ሊል ይችላል። እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ችግር የለውም፣ በነጋታው ማለዳ መኪናዋ ያደረችበት ግቢ ድረስ ትሄዳላችሁ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ይህን ያህል የማጠብቀው ስለ ጭስ ነው። ጎማዋ ያለቀ መኪና ጎማ ይቀየርላታል። ቀለሟ የለቀቀ ትቀባለች። የምትጨስ መኪና ግን ወይ አንዲት ትንሽ ርካሽ ዕቃ ነው የተበላሸባት፣ ወይ ሞተሯ ሊወርድ፣ ማለትም ወጥቶ ተፈትቶ ሊታደስ ነው። ከኋላ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው። ሻጭም፣ ደላላም፣ አንዳንድ መካኒክም የሚጫወቱት በዚህች ክፍተት ላይ ነው።

ጨዋታው ደግሞ አሁን ብሷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ቀረጥ አጠረው። ከዚያ በ2016 ጥር ላይ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። እንግዲህ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው አገር ውስጥ ያለውን ነው የሚቀባበለው። ያቺው ቪትዝ፣ ያቺው ኮሮላ፣ ያቺው ያሪስ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። በእርጅናዋ ላይ እርጅና እየጨመረች፣ ዋጋዋ ግን አልቀንስ ብሎ። ማስታወቂያው እንደሁ ያው ነው፤ «እጅ ያልነካት»፣ «የሴት እጅ»፣ «ዶክተር የሚይዛት»። ዶክተሮቻችን ስንት መኪና እንደሚይዙ እግዜር ይወቀው።

ስለ ጭስ ሁሉም ሰው የሚያውቃት አንዲት ነገር አለች። ነጭ ከሆነ ውሃ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ። ውሸት አይደለም፣ ግን ብቻዋን አትበቃም። ቀለሙን አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ትልቁ ጥያቄ መቼ ነው የምትጨሰው የሚለው ነው። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ነው? ዳገት ላይ ነው? ረጅም ቁልቁለት ወርዳችሁ መልሳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ነው? ወይስ መብራት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ? እነዚህ አራቱ የተለያየ በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቀለማቸው አንድ ሆኖ ሳለ።

በመጀመሪያ በሽታ ያልሆነውን እንለይ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ማለዳ መኪና አስነስቶ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ሲወጣ ያላየ የለም። አዲስ መኪናም ያደርገዋል። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይሰጣል። ማርሚታው እስኪሞቅ ድረስ ያ እንፋሎት ብርድ ሲያገኘው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የቀረውም ጠብ ጠብ ይላል። ሞተሩ ሙቀት ሲይዝ ከጠፋ በቃ፣ እሱን ይዛችሁ ዋጋ አትከራከሩ። መለያው ቀላል ነው። እንፋሎት ከማርሚታው ትንሽ እልፍ እንዳለ አየር ላይ ይጠፋል። የዘይት ጭስ ግን ይንሳፈፋል፣ ግቢው ውስጥ ይቆያል፣ ልብስ ላይ ይሸታል። ከተጠራጠራችሁ ነጭ ሶፍት ከማርሚታው አፍ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ውሃ ከሆነ ደርቆ ንጹሕ ይሆናል፣ ዘይት ከሆነ ቅባቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰማያዊው። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚበላበትም፣ ብዙ ሰው የሰው ገንዘብ የሚበላበትም እዚህ ነው።

ሞተር ዘይት የሚያቃጥለው ዘይት ቤንዚን ወደሚቃጠልበት ክፍል፣ ወደ ሲሊንደሩ፣ ሲገባ ነው። የሚገባበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ከላይ በቫልቭ ጎሚኒ በኩል ሊወርድ ይችላል። ከታች በፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን በሚከብበው የብረት ቀለበት፣ በኩል ሊወጣ ይችላል። በመተንፈሻው፣ ማለትም ፒሲቪ በምትባለዋ ትንሽ ቫልቭ፣ አየር ተደባልቆ ሊሳብ ይችላል። ቱርቦ ካላት ደግሞ ቱርቦው ሊተፋው ይችላል።

ጎሚኒው ቫልቩ አንገት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ጎማ ናት። በሙቀት ብዛት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። መኪናዋ ስታድር ከላይ ያለው ዘይት በእሷ በኩል ጠብ ጠብ ይልና ጠዋት ሲነሳ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ከዚያ ይጠፋል። ሁለተኛው ምልክቷ ቁልቁለት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በማርሽ ይዛችሁ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ ውረዱ። በዚያን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ከፍተኛ ነው፣ ዘይቱንም በደከመው ጎሚኒ በኩል ይጎትተዋል። ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ከኋላ ሰማያዊ ደመና ካያችሁ ጎሚኒው ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ለዚህ ደግሞ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። እጁ የለመደ መካኒክ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ሳያወርድ በካንዴላው ቀዳዳ የኮምፕሬሰር አየር አስገብቶ ቫልቮቹ ወደ ውስጥ እንዳይወድቁ ይዞ ጎሚኒውን ይቀይረዋል። አየር የሌለው መካኒክ ከሆነ ጎሚስታው ጎረቤት አለ።

ፋሻ ሲያልቅ ጠባዩ ሌላ ነው። ጠዋት አይልም፣ ማታ አይልም። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር፣ በተለይ ዳገት ላይ ጭነት ሲይዛት ትጨሳለች። ፍጥነት በጨመራችሁ ቁጥር ጭሱም ይጨምራል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈት ስታደርጉ ከውስጥ ትንፋሽ ፑፍ ፑፍ እያለ ጭስ ከመጣ፣ ክዳኑን ገልብጣችሁ ስታስቀምጡትም ከተንቀጠቀጠና ከዘለለ፣ የሚቃጠለው ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየገባ ነው ማለት ነው። ትንሽ ትንፋሽ በማንኛውም ሞተር ይኖራል፣ እሱ አያስደንግጣችሁ። ፋሻ ሁልጊዜ በማለቁ ብቻ አይደለም ዘይት የሚያሳልፈው። ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ፋሻ በካርቦን ተጣብቆ ሊቀርም ይችላል። ኮሮላ ላይ የነበረው 1 ዜድ ዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር በዚህ የታወቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፒስተኖች ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች አነስተኛ ስለነበሩ ይደፈኑ ነበር፤ ቶዮታ ኋላ ላይ ፒስተኑን አሻሻለው። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ የተሠራች ባለ 1.8 ኮሮላ ስታዩ ዘይቱን በደንብ ጠይቁ።

አሁን ግን ያንን ሁሉ ከማለታችን በፊት መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ፣ ሰው ግን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። የዘይቱ ልክ።

የባለቤቴ ወንድም ቪትዝ አለው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ፣ ባለ 1 ሊትሯ። አንድ ቀን ደወለና «ሞተሯ አልቆላታል፣ ይውረድ ተባልኩ» አለኝ። ድምፁ ልቅሶ ቤት ያለ ነው የሚመስለው። መካኒኩ ከኋላ ጭሱን አይቶ፣ አንድ ሁለቴ ነዳጅ ሰጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ፋሻዋ ሄዷል» ብሎታል። በቃ ምርመራው ይኸው ነው። ኮፈን እንኳን አልተከፈተም። «ዘይት መቼ ቀየርክ?» ስለው በዚያው ሳምንት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተን ስናይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት እጅግ አልፏል። ነገሩ ወዲያው ገባን። እዚህ አገር ዘይት በብዛት የሚሸጠው በ4 ሊትር ጋሎን ነው፣ ዘይት ቀያሪው ደግሞ ጋሎኑን ከፍቶ ጭልጥ አድርጎ ይገለብጠዋል። የዚያች ሞተር ዘይት ግን ከነፊልትሮዋ ወደ 3 ሊትር ገደማ ነው። የተረፈው ዘይት ታች በክራንኩ፣ ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ፣ እየተመታ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው ይወጣል፣ ይቃጠላል። ትርፉን አፈሰስነው፣ በዘይት የጨቀየችውን ፒሲቪ ቫልቭም ቀየርናት። ጭሱ ወዲያው አልጠፋም፣ ማርሚታው ውስጥ የገባው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትንሽ ቀን ወሰደ። ከዚያ ግን ጠፋ። ሊወርድ የነበረው ሞተር አሁንም ቦታው ላይ ነው።

እሷን ፒሲቪ ልብ በሉልኝ። ብዙ ጊዜ ከላይኛው የሞተር ክዳን ላይ የምትገኝ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ነቅላችሁ ስትነቀንቋት ውስጧ መንኳኳት አለበት። ድምፅ ከሌላት ተጣብቃለች። ተጣብቃ ስትቀር የምታሳየው ምልክት ከፋሻ ማለቅ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ትንፋሹም ጭሱም። ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት እሷን ያልቀየረላችሁ መካኒክ ካለ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

ሁሉም ታይቶ አሁንም ፋሻ ነው ከተባለ በዓይን አይቆረጥም፣ በመለኪያ ይቆረጣል። የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚያሳይ ዕቃ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል፣ ሞተሩ በቁልፍ ይዞራል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ደረቁን ለክተው ሲጨርሱ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ዘይት ሲጨመር ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከወጣ ፋሻው ነው፣ ምክንያቱም ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ይደፍንለታል። ካልወጣ ችግሩ ወደ ላይ ነው፣ ቫልቭ ወይም ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለችው ማሸጊያ።

እዚህ ጋ አንድ የእኛ አገር ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ መጽሐፉ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ሞተር እዚህ ምንም ሳይጎድለው 150 ገደማ ቢያሳይ አይገርምም። ከስልኩ ላይ ቁጥር አውጥቶ «ተመልከት፣ ሃምሳ ጎድሎታል፣ አልቋል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቁጥሩ የተጻፈው ለየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ ልዩነቱን ነው የማየው። ቶዮታ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 ኪሎ በሳንቲ ሜትር ካሬ፣ ማለትም ከ14 ፒኤስአይ ገደማ በላይ ልዩነት እንዲኖር አይፈቅድም። ሦስቱ 150 ሆነው አንዱ 100 ከሆነ እዚያች ሲሊንደር ውስጥ ጉድ አለ። አራቱም 150 ከሆኑ ኮምፕሬሽኑ ደህና ነው፣ ጭሱን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ በካርቦን የተጣበቀ የዘይት ፋሻ ግን በዚህ መለኪያ ላይታይ ይችላል።

ወደ ነጩ ስንመጣ እኔ በጣም የምፈራው እሱን ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ የማይተዋት መኪና፣ የራዲያተሯ ውሃ እየጎደለ ግን መሬት ላይ የሚፈስ የማይታይባት ከሆነ፣ ውሃው በቴስታታው ጋስኬት በኩል ወደ ሲሊንደሩ እየገባ በእንፋሎት እየወጣ ነው። ጋስኬቱ ብቻ ከሆነ እሰየው። ብዙ ጊዜ ግን ቴስታታው ተጣሟል፣ አንዳንዴም ተሰንጥቋል።

ማረጋገጫው ብዙ ነው፣ ሁሉም በነጻ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ደግሜ እላለሁ ቀዝቃዛ እያለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና አስነሱት። ያለማቋረጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ የሞተሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በሞቀ ሞተር ክዳን መክፈት ግን ፊት የሚያቃጥል ነገር ነው፣ አትሞክሩት። ደግሞ ክዳኑ ተዘግቶ እያለ ሞተሩ ከተነሳ ገና ደቂቃ ሳይቆይ የራዲያተሩን ጎማ ቱቦ ጨበጥ አድርጉት። ገና ሳይሞቅ ጠንክሮ ከተወጠረ ያው ምልክት ነው። ካንዴላዎቹን አስነቅላችሁ አንዷ ብቻ ከእህቶቿ ተለይታ ታጥባ የወጣች ከመሰለች ውሃው በእሷ ሲሊንደር ነው የሚገባው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ካለ ዘይቱና ውሃው ተገናኝተዋል፤ አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የምትሄድ መኪናም ክዳኑ ላይ ትንሽ አረፋ ልትይዝ ስለምትችል ግን የመለኪያውን ዘንግም እዩ። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይትም ከነጣ ቁልፉን መልሱላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጋስኬት ጭስ ጣፋጭ ይሸታል ሲባል ትሰማላችሁ። የሚጣፍጠው ኩላንቱ ነው። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ራዲያተር የሚሞላው በቧንቧ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲተን ምንም አይሸትም። ስለዚህ ሽታ አጣሁ ብላችሁ አትዘናጉ።

የቧንቧ ውሃው ራሱ ደግሞ ከችግሩ ምንጮች አንዱ ነው። ዝገት ያመጣል፣ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ መኪናዋ ትሞቃለች። ሰው የማያስበው ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር የሚሠራው ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን ሁሌ አይፈላም? ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ውሃውን ስለሚያምቀው ነው፤ ታምቆ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎማው የተቆረጠ ክዳን ያላት መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ብትሆን ምናልባት ትታገሥ ይሆናል። እዚህ ግን ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ዳገት ስትይዝ ትፈላለች። ሁለት ሦስቴ ከፈላች ጋስኬቱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ክዳን።

መኪናዋ ስትሞቅ የአንዳንድ መካኒኮቻችን መድኃኒት ምን መሰላችሁ? ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። «ለእኛ አገር አይሆንም፣ እሱ ለበረዶ አገር ነው» ይላሉ በሙሉ ልብ። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በልኩ ሙቀት ላይ እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ ጨርሶ በደንብ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ገና ጠዋት ነው፣ ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን ይጨምራል። ውጤቱ ምንድነው? ጥቁር ጭስ፣ የማይጠግብ ታንክ፣ በቤንዚን የቀጠነ ዘይት። የጥቁር ጭስን ምክንያት ስትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ። መኪናዋን ይዛችሁ በደንብ ነድታችሁ የሙቀት መርፌው ታች ተኝቶ ከቀረ፣ ወይም በአዲሶቹ ላይ ሰማያዊዋ የቅዝቃዜ መብራት አልጠፋ ካለች፣ ቴርሞስታቱ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ሻጩ ለምን እንዳስወጣው ደግሞ ጠይቁ፤ ትሞቅበት ስለነበር ነው። ትሞቅ የነበረው ለምንድነው? ወደ ጋስኬቱ ተመለስን ማለት ነው።

የቀረው የቤንዚን ጥቁር ጭስ ብዙም አያስጨንቅም። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የሞተ ኦክስጅን ሴንሰር። ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ይታያል። ማርሚታው አፍ ውስጥ ጣታችሁን ስታስገቡ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ ነው፣ የሚያዳልጥ ቅባት ያለው ጥላሸት ከሆነ ዘይት ነው። ከታች ጎንበስ ብላችሁም ካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ፣ ቦታው ላይ መኖሩን እዩ። ተቆርጦ ወጥቶ በቦታው ቧንቧ የተበየደባት መኪና ብዙ ናት፣ ውስጡ ያለው ማዕድን ዋጋ ስላለው። ካታሊስት የሌላት መኪና ሽታዋም ጭሷም ከሌላው ይበዛል፣ ይህ ግን የሞተር በሽታ አይደለም።

ናፍታ ከሆነች ጨዋታው ይለያል። ኃይሉክስም ሆነ ዶልፊን ሆነ አይሱዙ፣ የድሮው ናፍታ ሞተር ፓምፑ ሜካኒካል ነው፣ የከፍታውን የአየር እጥረት አያውቅም። ለባሕር ዳርቻ የተለካውን ናፍታ እንጦጦም ላይ ያንኑ ይረጫል። አየሩ አይበቃውም፣ የተረፈው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ትንሽ ጥቁር የሚል አሮጌ ናፍታ አያስደነግጠኝም። ሜዳ ላይ ባዶዋን ሆና ከኋላ ያለውን መኪና በጭስ የምትሸፍን ግን ኖዝሏ (ናፍታ የሚረጨው) ወይ ፓምፗ ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ ሆን ተብሎ ናፍታው ተከፍቶላታል። «ጉልበት እንድታገኝ ፓምፑን ከፈት አድርጌላታለሁ» የሚሉ አሉ፤ ጉልበቱ የሚመጣው ሞተሩን በማቃጠል ነው። ጠዋት ላይ ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ከወጣ ደግሞ ውሃ አይደለም፣ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። ስትሞቅ ከጠፋ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስፈትሹ። ስትሞቅም ካልጠፋ ኮምፕሬሽን ይለካ።

ወደ መግዛቱ ስንመለስ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ማየት ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ብልጥ ሻጭ ወፍራም ዘይት ይሞላባታል። 20 ደብሊው 50 ወይም ከዚያም የወፈረ ሞልቶ፣ ላዩ ላይ ማወፈሪያ ጨምሮ፣ ሞተሩን አሳጥቦ ያቀርባታል። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጊዜው ይይዘዋል። ዘይቱ የሚቀጥነው ሲግል ስለሆነ አስር ደቂቃ ሰፈር ውስጥ ዞራችሁ አትመለሱ። ወደ ዳገት ውሰዷት፣ በደንብ ትጋል፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ። ከዚያ ጥግ ያዙና በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ እየሠራ፣ አምስት ደቂቃ አቁሟት። አንድ ጓደኛችሁ ከኋላ ይቁም፣ ስልኩን ይዞ ይቅረጽ። አሁን ነዳጅ ስጧት። የሚደበቅ ነገር ካለ የሚወጣው ያኔ ነው። ይህን ስታደርጉ «ምን ታደርጋታለህ፣ ልትገድላት ነው እንዴ?» የሚል ሻጭ አጋጥሞኛል። ጤነኛ መኪና በዚህ አትሞትም።

እኔ ብሆን ጠዋት ብቻ ሰማያዊ የምትል፣ ኮምፕሬሽኗ እኩል የሆነ መኪና ዋጋ አስቀንሼ እገዛለሁ። ጥቁር የምትልም እንደዚሁ። ዳገት ላይ ሰማያዊ የምትተፋ ከሆነ የሞተር ማውረጃውን ሙሉ ወጪ፣ የሬክቲፊኬሽኑንም (የሞተር ማስተካከያ ሥራውንም) የዕቃውንም፣ ከዋጋው ላይ አስነሳለሁ፤ ሻጩ ካልተስማማ ሰላም ዋል ብዬ እሄዳለሁ። ራዲያተሯ የሚያረፋባትን ግን ምንም ቢቀንሱልኝ አልነካትም። ቴስታታው ስንት ጊዜ እንደተጣመመ፣ ስንት ጊዜ ተልጎ እንደተመለሰ ማንም አይነግራችሁም፣ ሊብሬው ላይም አይጻፍም።

ገዝታችሁ የገባችሁ ደግሞ ዘይት ስትቀይሩ ኪሎ ሜትሩን ጻፉና በየሳምንቱ ዘንጉን እዩ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ። ቶዮታ በመመሪያው ላይ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ዘይት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጎረቤት ምንም ቢል ሞተር አታስወርዱ፣ የጎደለውን እየሞላችሁ ንዱ። ስትሞሉም ጋሎኑን በሙሉ አትገልብጡት።